ነርሲንግ ልትገቡ ነው? መጀመሪያ ስለ ይሉኝታ እናውራ

ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ ይበዛበታል። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ይደውላሉ። ወሬው ተመሳሳይ ነው። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ተቀበሉኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?» ዘንድሮ ለሁሉም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ አገር ሥራ የጀመርኩት በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኩል አልፌ አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ከሆንኩ ዓመታት ተቆጥረዋል።

አብዛኞቹ የሚጠብቁት የትኛውን መጽሐፍ እንደሚገዙ፣ የትኛው ጫማ እግር እንደማያሳምም እንድነግራቸው ነው። እሱም ይደርሳል። የኛን ልጆች ከነርሲንግ ትምህርት ሲያስወጣ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛ አይደለም። አናቶሚም አይደለም። ይሉኝታ ነው።

እስቲ አስቡት። እዚህ በር ላይ የደረሰ ሰው ሰነፍ አይደለም። ሁለቱን አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂውን፣ እንግሊዝኛውን፣ ሳይኮሎጂውን ጨርሷል። ብዙ ኮሌጆች የሚጠይቁትን የቲስ መግቢያ ፈተና ወስዷል። ከዚያ ለጥቂት ወንበር ከብዙ አመልካች ጋር ተወዳድሯል። ይህን ሁሉ ያደረገው ደግሞ እየሠራ፣ ልጅ እያሳደገ፣ አገር ቤት ገንዘብ እየላከ ነው። ስለዚህ ጭንቅላቱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ «አልችልም» እና «አልገባኝም» የሚሉት ሁለት ቃላት ከአፉ አለመውጣታቸው ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነበርኩ። ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ደብል እሠራለሁ፤ በቀን 16 ሰዓት። ሐሙስ ማታ ደግሞ ሱፐርቫይዘሯ ትደውላለች። «ሰው ቀረብን፣ እባክሽ ድረሽልን።» እሺ እላለሁ። በዚያው ሰሞን ለቅሶ ነበር። ክርስትና ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣች የአጎቴ ልጅ ነበረች፤ ደለስ ኤርፖርት ተቀብዬ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ አመላለስኳት። አንዱንም አልችልም አላልኩም። የማለፊያው ነጥብ 75 ነበር። 73.6 አመጣሁ። ነርሲንግ ላይ ብዙ ቦታ ነጥብ ወደ ላይ አይጠጋጋም። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለነበር ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ።

በጣም የጎዳኝ መውደቄ አይደለም። ለማንም አለመናገሬ ነው። አራት ወር ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ዩኒፎርሜን ለብሼ ከቤት እወጣ ነበር፤ እናቴ ክሊኒካል፣ ማለትም የሆስፒታል ልምምድ የሄድኩ እንዲመስላት። ላይብረሪ ተቀምጬ እውላለሁ። ማታ ስመለስ «ደከመሽ አይደል?» ትለኛለች። አንገቴን ደፍቼ «አዎ» እላለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ የሰዓት ጉዳይ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ክፍል፣ ላብራቶሪና ክሊኒካል አንድ ላይ 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ። ጥናቱ ቢያንስ ያንኑ ያህል። ይህ ብቻውን ፉል ታይም ሥራ ነው። በላዩ ላይ 40 ሰዓት ከሠራችሁ የሚቆረጠው ከእንቅልፋችሁ ነው። በእኔ እምነት በሳምንት ከ24 ሰዓት በላይ መሥራት አደጋ አለው። 16 ቢሆን ደስ ይለኛል። ክሊኒካል ካለባችሁ ቀን በፊት ባለችው ሌሊት ደግሞ ሺፍት አትውሰዱ፤ የፈለገ ቦነስ ይክፈሉ። በማግስቱ የምትነኩት የሰው ገላ ነው።

«ገንዘቡስ?» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። ፋፍሳ የሚባለው የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ በየዓመቱ ይሞላል፤ አንዴ ሞልቶ መርሳት የለም። ፔል ግራንት ለ2024–25 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር። ብድር አይደለም፤ እርዳታ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ለካውንቲው ነዋሪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቤት ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አስሉ። ነርሲንግ ሆም የምትሠሩ ሲኤንኤዎች ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ የቴክ (የበሽተኛ እንክብካቤ ረዳት) ሥራ ፈልጉ። ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛቸው የትምህርት ክፍያ ያግዛሉ። ክፍል የተማራችሁትን እዚያው በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ስትመረቁም የሚያውቃችሁ ማናጀር ይኖራል። ዕቁብ ያላችሁ፣ ዕጣው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንዲደርሳችሁ ዳኛውን ለምኑ።

ቀጥሎ ቤተሰብ። ከመጀመራችሁ በፊት ሰብስባችሁ ንገሯቸው። «እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሰርግም ክርስትናም ላይ ላታዩኝ ትችላላችሁ። አኩርፌ እንዳይመስላችሁ።» አገር ቤት ላሉትም የምትልኩት ገንዘብ ከዚህ ወር ጀምሮ ስንት እንደሚሆን ቁጥሩን ንገሩ። ሰው የሚቀየመው ድንገት ስትጠፉ እንጂ አስቀድማችሁ ስትነግሩት አይደለም። ለቅሶ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰዓት ተቀምጦ፣ አስተዛዝኖ መመለስ ይቻላል። ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ሲያማስሉ ከርሞ ሰኞ ጠዋት ፋርማኮሎጂ መፈተን ግን አይቻልም። ይህ ደግሞ በሴቶች ላይ ይብሳል። ወንድ ልጅ ሲያጠና «አትረብሹት» ይባላል። ሴቷ ስታጠና እንግዳ ከመጣ ቡናውን የምታፈላው እሷው ናት። ይህን በየቤታችን ልናስተካክለው ይገባል። የምር ነው የምለው።

ይሉኝታ ክፍል ውስጥም ተከትሎን ይገባል። ብዙዎቻችን ያደግነው አስተማሪን መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚታይበት ቤት ነው። ዓይን ሰበር አድርጎ ማዳመጥ ለእኛ ጨዋነት ነው። እዚህ ግን ዝም ያለ ተማሪ ያልተዘጋጀ ይመስላቸዋል። ግምገማው ላይ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ተብሎ ይጻፋል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ አባቶች? አስተማሪዎች ተማሪ ለማነጋገር ብለው ቢሮ የሚቀመጡበት ሰዓት አላቸው። ሲለበሱ (የኮርሱ ዝርዝር መመሪያ) ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያ ፈተና ሳትወድቁ በፊት ሂዱ። ላብራቶሪ ውስጥም ያልገባችሁን ነገር አንገት ነቅንቃችሁ አትለፉ። «ይቅርታ፣ እንደገና ያሳዩኝ» በሉ። ኢንሱሊንና ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት) ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሰው ይገድላል።

ሦስተኛ ሴሚስተር ላይ የገጠመኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሁለተኛ ቀን የሆናቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ጠዋት ሲያጫውቱኝ ቆዩ። ወደ አምስት ሰዓት ግድም መልሳቸው አጠረብኝ። ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 28። የአዋቂ ሰው ከ12 እስከ 20 ነው። ልነግራት የሚገባኝ ነርስ ከዶክተር ጋር እያወራች ነበር። እጄን አጣምሬ አጠገባቸው ቆምኩ። እስኪጨርሱ። ሰባት ስምንት ደቂቃ ይሆናል። የትልቅ ሰው ወሬ አይቋረጥም ተብዬ ነዋ ያደግኩት። በመጨረሻ ስነግራት ሮጠች። ሰውየው ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አስተማሪዬ ኮሪደር ላይ አቁማ «ትሕትናሽን እወደዋለሁ። ዛሬ ግን እኚህ ሰው ትንፋሽ አጥሯቸው እንዲጠብቁሽ አደረገ» አለችኝ።

ለዚህ መድኃኒት የሆነኝ ኤስባር የሚባለው የአነጋገር ሥርዓት ነው። በየሆስፒታሉ ይሠራበታል፤ መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። አራት ነገር ነው። አሁን ምን ሆነ? በሽተኛው ማነው፣ ለምን ተኛ? እኔ ምን ይመስለኛል? ምን እንድታደርግልኝ እፈልጋለሁ? አለቀ። እኛ ደግሞ ነገር ስናወራ ከሩቅ ነው የምንነሳው። ሰላምታው፣ ይቅርታው፣ መግቢያው ይቀድማል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተቀሰቀሰ ዶክተር ያን አይጠብቅም። በተለይ አራተኛው ያቅተናል፤ ዶክተርን «ይህን እዘዝልኝ» ማለት። መስታወት ፊት ቆማችሁ ተለማመዱት። ቀልዴን አይደለም። እኔ መኪና ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ እለማመድ ነበር።

ፈተናው ላይም ላፍታ እንቆይ፤ ጎበዞቹን የሚያስደነግጠው እዚህ ነውና። አገር ቤት ሸምድደን ነው ያለፍነው። ነርሲንግ ላይ ሽምደዳ የሚያደርሰው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ለምሳሌ ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ከመስጠት በፊት የልብ ምት ይቆጠራል። አዋቂ ሰው ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ አይሰጥም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ጥያቄው ግን ቁጥሩን አይጠይቃችሁም። «በሽተኛዋ ቁርስ አላሰኛትም፣ ያቅለሸልሻታል፣ መብራት ዙሪያ ቢጫ ነገር ይታየኛል ትላለች። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ከምርጫዎቹ አንዱ የማቅለሽለሽ መድኃኒት መስጠት ነው። አንዱ ማጽናናት ነው። ሁሉም ደግ ሥራ ነው። የሚቀድመው ግን መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ በዝቶ እየመረዛት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሮ ዲጎክሲኑን ሳይሰጡ ማቆየት፣ የልብ ምቷን መቁጠርና ለዶክተሩ ማሳወቅ ነው። «ለምን እሱ ቀደመ?» የሚለውን የማይመልስ ጥናት ጥናት አይደለም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ጥያቄ ሥሩ። የተሳሳታችሁትን ብቻ ሳይሆን ያገኛችሁትንም ምክንያቱን አንብቡ። ስተዲ ግሩፕ ከሦስት አራት ሰው አይብለጥ። ሁሉም ሐበሻ ባይሆን ደግሞ ይሻላል፤ አለበለዚያ በአማርኛ እናስረዳና ፈተናው በእንግሊዝኛ ሲመጣ እንደናገራለን።

የመጨረሻው የፈቃድ ፈተና ኤንክሌክስም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የበሽተኛ ፋይል አቅርቦ እንድታመዛዝኑ የሚያደርጉ ጥያቄዎች ገብተውበታል። በትንሹ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት። ኮምፒዩተሩ በመልሳችሁ ልክ ያከብዳል፣ ያቀላል። ስለዚህ ከበዳችሁ ማለት ወደቃችሁ ማለት አይደለም።

አቋራጭ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። በጃንዋሪ 2023 የፌደራል ዐቃቤ ሕግ 25 ሰዎችን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ፍሎሪዳ ውስጥ ከነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ ተሽጧል። በዚያ ወረቀት ፈቃድ ካወጡት ብዙዎቹ ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል። የምትገቡበት ፕሮግራም በስቴታችሁ የነርሲንግ ቦርድ የጸደቀ መሆኑን ራሳችሁ አጣሩ። አገር ቤት ነርስ የነበራችሁ ደግሞ ከዜሮ ከመጀመራችሁ በፊት ቦርዱን ጠይቁ። ማስረጃችሁ ተገምግሞ በቀጥታ ለኤንክሌክስ መቀመጥ ይቻላችሁ ይሆናል። ይህን የሚነግራቸው ሰው አጥተው ዓመታት ያቃጠሉ ሰዎች አውቃለሁ። ያንገበግበኛል።

«ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው» ብለው የሚያፍሩም አሉ። ማፈሩ ለምን? የሁለት ዓመቱ ፕሮግራም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነርስ እጥረት ሲጠና፣ በ1952 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲቸርስ ኮሌጅ በሚልድሬድ ሞንታግ መሪነት በሙከራ ተጀምሮ ነው በመላ አገሪቱ የተስፋፋው። ፈተናውም ፈቃዱም ከአራት ዓመቱ ተማሪ ጋር አንድ ነው። ቢኤስኤን (የአራት ዓመቱን የነርሲንግ ዲግሪ) የሚፈልጉ ሆስፒታሎች መኖራቸው እውነት ነው። ኒው ዮርክ እንዲያውም በ2017 ባወጣችው ሕግ አዳዲስ አርኤኖች በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲይዙት ታስገድዳለች። ግን እየሠራችሁ፣ አሠሪያችሁም እያገዛችሁ ትቀጥላላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እያላችሁ የቢኤስኤኑን ኮርስ ጎን ለጎን የምትጀምሩበት መንገድም አለ። አድቫይዘራችሁን ጠይቁ።

ጫማውን ቃል ገብቻለሁ። የሚታጠብ፣ ፈሳሽ የማያስገባ፣ ከቁጥራችሁ በግማሽ ሰፋ ያለ። 12 ሰዓት ሙሉ ቆማችሁ ስትውሉ እግር ያብጣል። መጽሐፍ ደግሞ ሲለበሱ ሳይወጣ አትግዙ። ከእናንተ በአንድ ሴሚስተር የሚቀድሙትን ጠይቁ።

ብትወድቁስ? በዚያው ሳምንት የፕሮግራሙን ዳይሬክተር አነጋግሩ። መቼና በምን ሁኔታ መመለስ እንደምትችሉ በጽሑፍ ጠይቁ። ከቤት ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩ። እኔ አራት ወር ቆይቼ አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ መኪና ውስጥ ለእናቴ ነገርኳት። ወድቄ እንደነበር፣ ክሊኒካል እንደሌለኝ፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ታዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ የት ነበር የምትውዪው?»

«ላይብረሪ።»

ትንሽ ቆየችና፣ «ምሳሽንስ ትበዪ ነበር?» አለችኝ።