ፕሮሶፒስን በከሰል ማጥፋት? ቀልዱን ተዉት

ሰሞኑን የአፋርን ግጦሽ ስለወረረው እሾሃም ዛፍ፣ ስለ ፕሮሶፒስ፣ በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ «ፕሮሶፒስን በኬሚካል መግደል አፈርና ውኃ መመረዝ ነው፤ መፍትሔው ወደ ሀብት መቀየር ነው» አሉ። ሀብት ያሉት ከሰሉን ነው። ተጨበጨበላቸውም።

ከመርዙ ልጀምር። መካከለኛው አዋሽ ላይ ለጥጥ ተባይ እየተባለ ለዓመታት በአውሮፕላን ሲረጭ የኖረው ምን ነበር፣ ጠበል? ያኔ ድምፁን ያላሰማ ተቆርቋሪ ዛሬ ጉቶ በብሩሽ ይቀባ ሲባል «አዋሽ አለቀለት» ይለናል። ማንም በሜዳው ላይ ይረጭ አላለም። ዛፉ ይቆረጣል፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ትራይክሎፒር የተባለው ፀረ አረም በናፍጣ ተበጥብጦ ጉቶው ላይ ይቀባል። መድኃኒቱ ሰፊ ቅጠል ያለውን እንጂ ሣርን እምብዛም አይነካም። ጓንት ይደረግ፣ ከውኃ ዳር ይራቅ ከተባለ፣ እሺ።

ከሰሉ ግን ዛፉን አያጠፋም፣ ያራባዋል። ከመሬት በላይ ተቆርጦ የተተወ የፕሮሶፒስ ጉቶ ብዙ ግንድ ሆኖ ያቆጠቁጣል። ከሰል አክሳዩ ይህን ከኃላፊው በላይ ያውቃል። ሥር መቆፈር ወገብ ይቆርጣል እንጂ ብር አያመጣም፤ ደግሞስ ምን ቆርጦት ይነቅለዋል? የከርሞ ከሰሉ እዚያው ጉቶ ላይ ነው። የሚመርጠውም ወፍራሙን ነው፤ ግጦሹን የወረረውን ጣት የሚያህል እሾሃም ቁጥቋጦ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ወፍራሙ ሲርቅበት መጥረቢያው ወደ ግራሩ ይዞራል። በፕሮሶፒስ ስም ስንት ግራር ከስሎ በአይሱዙ ከተማ እንደገባ የአዋሽ መንገድ ሰው ይጠየቅ።

«ፍሬውም መኖ ነው» ይሉናል። ከብቱም ፍየሉም ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየሄደበት በእበቱና በበጠጡ ይዘራዋል፤ ወረራው የሰፋው እኮ እንዲህ ነው። የኬንያ ባሪንጎ አርብቶ አደሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥትን ሲከሱ ጥርሷን በዚሁ መኖ የጨረሰች ፍየል ይዘው ነበር ፍርድ ቤት የቀረቡት።

በደርግ ዘመን ለጥጥ እርሻዎቹ የነፋስ መከላከያ ይሁን ብሎ ያስተከለው መንግሥት ነው፤ የመድኃኒቱንም ወጪ መንግሥት ይቻል። ጉቶ ያልቀባ የከሰል ፈቃድ አይሰጠው። የጸዳው መሬት የካርማን፣ የአፋርን ዋና የክረምት ዝናብ፣ ጠጥቶ ሣሩ ዘር እስኪያፈራ ከከብት ይከለል፤ ጎሳው ተመካክሮ መሬት መከለል ያውቅበታል፣ አሠልጣኝ አይላክበት።