አሮጌውን ሆቴል የሚያውቁት አናጢ ከጨረታው ውጭ ናቸው

ክረምት ሲገባ በአሮጌ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሆቴል ከእንግዶቹ ቶሎ የሚሰማው አቤቱታ «በሩ አልዘጋ አለ» የሚል ነው። ወጣት አናጢ ይጠራል፤ መላጊያውን ይዞ መጥቶ ጠርዙን ይልጋል፤ በሩም ይዘጋል። ጥቅምት ላይ እንጨቱ ሲደርቅ ግን በበሩና በመቃኑ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠርና እንግዳው በተራው ብርድ ገባብኝ ይላል። ቤቱን ለብዙ ዓመት ሲጠግኑ የኖሩ አዛውንት አናጢ ቢጠሩ መላጊያ አያወጡም። መጀመሪያ በሩን በእጀታው በኩል ይዘው ወደ ላይ ያነሱታል። ከተነቃነቀ የላላው ማጠፊያው ነው፤ ብሎኑን ፈትተው፣ የሰፋውን ቀዳዳ ኮላ በተቀባ የእንጨት ሽብልቅ ሞልተው፣ ኮላው ሲደርቅ ብሎኑን መልሰው ያስራሉ። ካልተነቃነቀ ደግሞ እንጨቱ እርጥበት ስቦ አብጧል ማለት ነውና እስከ ኅዳር ይታገሡታል። እንጨት የሚያብጠውም የሚኮማተረውም በወርዱ ነው፤ በክረምት የተላገ በበጋ አይመለስም።

ይህ ሰው ዛሬ ባሉን ጥቂት ታሪካዊ ሆቴሎች ውስጥ የሚታየው እንደ ቀን ሠራተኛ ነው። ሲፈለግ ይጠራል፣ ሳይፈለግ ይረሳል። ትልቁ ኪሳራም ይሄ ይመስለኛል።

የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል የሚባለው የፒያሳው እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ማብቂያ ላይ የተሠራ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሳበት እሳት የጃዛምባ የሙዚቃ አዳራሽን ጨምሮ ከፊሉ ሲቃጠል ከተማው ሁሉ ደነገጠ፤ መደንገጡም ተገቢ ነበር። የዚያን ዘመን ቤት ቀስ እያለ የሚጨርሰው ግን ውሃ ነው፤ ለእሱ ማንም አይደነግጥም።

የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ቤቶች ብዙዎቹ ታችኛው ክፍላቸው ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ ነው። በእነሱ ላይ ከሚሠራው ስህተት ሁሉ የከፋው የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ሲሚንቶ ለጥቂት ወራት ያምራል። ጭቃውና እንጨቱ ከአየሩ ጋር ሲንቀሳቀሱ እሱ ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣል፤ ከኋላው ጭቃው ይሟሟል፣ የምሰሶው እግር ይበሰብሳል። አዛውንቱ አናጢ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ እሱ ነው። ቀጥለው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ምሰሶውን በካቻቢቴ ይወጉታል፤ ያለ ጉልበት ከገባ በስብሷል።

መፍትሔው ምሰሶውን መንቀል አይደለም። ከላይ ያለውን ሸክም በክሪክና በድጋፍ እንጨት ይይዙታል፤ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ አዲሱን እግር በሰያፍ ይገጥሙታል። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ምሰሶ ሰያፉ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ካላነሰ ይይዛል። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ጽድ መሆን አለበት። ርካሽ ነው ተብሎ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተገጠመ ሲደርቅ ተጠማዝዞ መጋጠሚያውን ይከፍተዋል። ግድግዳው ደግሞ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ እየተረገጠ ቢያንስ አንድ ሳምንት በከረመ ጭቃ ይለሰናል፤ የመጀመሪያው ልስን ደርቆ ስንጥቁን ሳይጨርስ ሁለተኛው አይደረብም። መጨረሻ ላይ ውሃ በተረጨበት ግድግዳ ላይ ስስ ኖራ ሦስት ጊዜ ይቀባል። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ዓመት ሳይሞላው ይረግፋል።

ፎቅ ላይ የሚጨመር መታጠቢያ ቤት ሌላው ጣጣ ነው። እንግዳ የራሱን ሻወር ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም። ግን በጣውላ ወለል ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሚንቶ ማንጠፍ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ገደማ ይጭናል፤ ሴራሚኩ፣ ገንዳውና ውሃው ሳይቆጠር። ሴራሚኩ በተሰነጠቀበት የሚሰርገው ውሃ ደግሞ ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚዎች ግድግዳ ውስጥ የገቡበትን ጫፍ ያበሰብሳል። ልምድ ያለው ሰው ታች ባለው ክፍል ኮርኒስ ላይ ቡናማ ቀለበት ሲያይ ቀለም ቀቢ አያስጠራም፤ ኮርኒሱን ያስከፍታል።

ታዲያ እንዲህ ያሉ አዛውንቶች ለምን አይጠሩም? የግዢ አሠራራችን ስለማያውቃቸው ነው። የተመዘገበ ቅርስ ለመጠገን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ማግኘትና የሚሠራውን እጅ ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። የጨረታ ሰነድ ልስንን በካሬ ሜትር፣ በርን በቁጥር ይለካል። አርባ መስኮት አፍርሶ አርባ አዲስ የሚገጥም ተቋራጭ የሚያስከፍለው አለው፤ ሠላሳ ስድስቱን «ደህና ናቸው፣ አትንኳቸው» ያሉት አዛውንት ግን በየትኛውም መስመር አይገቡም። የንግድ ፈቃድም የዋስትና ገንዘብም የላቸውም። ዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል በሚለው ሕግ ውስጥ የማፍረስ ሥራ ሁልጊዜ ርካሽ ይመስላል።

ሆቴሎቹ ከአዛውንቱ ጋር የዓመት ውል ይግቡ። ክፍያው በካሬ ሜትር ሳይሆን በቀን ይታሰብ፤ ዕቃው ለብቻው ይገዛ። በዓመት ሁለት ዙር ይበቃል። በግንቦት አሸንዳው ይጠረጋል፤ የቆርቆሮው ምስማር ይታያል፤ ምስማሩ በጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ ተመትቶ ከሆነ በዚያ በኩል ያፈሳል። የግቢው መሬት ከቤቱ እንዲርቅ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዘቅዝቆ መውረዱም ያኔ ይረጋገጣል። በኅዳር ደግሞ በርና መስኮቱ፣ ወለሉና ደረጃው ተራቸው ነው።

የሚያውቁት ሁሉ በጭንቅላታቸው ብቻ እንዳይቀር ለየክፍሉ አንድ ገጽ ያለው መዝገብ ይከፈት፤ ምን ተቀየረ፣ በምን እንጨት፣ መቼ፣ ውሃ በየት ገባ የሚለው ይጻፍበት። ጸሐፊው ተለማማጁ ይሁን፤ እሱም ደመወዝ ይቆረጥለት፤ በነፃ የሚማር ልጅ በሁለተኛው ወር የኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ይገኛል። ቆርቆሮ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው፤ አዛውንቱ ከታች ሆነው የትኛውን ምስማር እንደሚነቅል ይንገሩት፣ የመሰላሉንም እግር ሌላ ሰው ይያዝ።