ተማሪ መሃል ከተማ ምን ይሠራል?

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ 4 ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ጋቢና ተቀምጬ ነው የሰማሁት። አንድ ኤፍኤም ሬዲዮ ላይ ስለ ቤት ኪራይ ይወያያሉ። አንዱ ተጋባዥ ስለ ተማሪዎች ሲጠየቅ፣ ተማሪ መሃል ከተማ ካልተከራየሁ ማለቱ ቅንጦት ነው አለ። ዳር ወጥቶ ይከራይ፤ እዚያ ርካሽ ነው፣ ለጥናትም ጸጥታ አለው። አወያዩ “ልክ ነው” ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። ሹፌሩ ድምፁን ቀነሰና “እሱማ መኪና አለው” አለ።

እዚያው ስቄ ባልፈው ጥሩ ነበር። አላስቻለኝም። አባባሉ የአንድ ሰው ብቻ አይደለማ። ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ቢሮ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ ትሰሙታላችሁ። “ተማሪ ደግሞ!” ይባላል። ተማሪ አይደክመውም፣ አይርበውም፣ አይመሽበትም።

ከጸጥታው ልጀምር። ሰውዬው ገና ሰው እየገባበት ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ሳምንት ተቀምጦ ያውቃል? ከላይ ያለው ጎረቤት ሴራሚክ ያስነጥፋል፤ ግራይንደሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀምራል። እሱ ሲጨርስ የጎኑ ግድግዳ ያስፈርሳል። ምድር ቤቱ ግሮሰሪ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፤ ሰርግ ከሆነ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ለቅሶ ከሆነ ሦስት ቀን። ጫትና ሺሻ መሃል ከተማ ብቻ ነው ያለው የሚል ካለ ደግሞ፣ አንድ ቀን ብሎክ ለብሎክ ላዙረው። ሰፈሩ የምር ጸጥ የሚለው መብራት ሲጠፋ ነው። ያኔ ደግሞ ማንበብ አይቻልም።

እሺ፣ መሃል ከተማም ጫጫታ አለ። ፒያሳ ገዳም ነው አላልኩም። ግን ጫጫታ የሸሸ ተማሪ ላይብረሪ ይገባል። አብርሆት ያለው 4 ኪሎ ነው። ኬኔዲ ላይብረሪ ያለው 6 ኪሎ ግቢ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩም፣ ሀንድአውት የሚያባዛው ፎቶ ኮፒ ቤትም፣ ለሀብታም ልጅ አስጠኚ የሚፈልገው ቤተሰብም እዚሁ ነው። ሰውዬው ተማሪውን ወደ ጸጥታ ሲሸኘው ከነዚህ ሁሉ እያባረረው ነው።

ወደ ርካሹ ልምጣ። ዘንድሮ መስከረም ላይ የእህቴ ልጅ ከደሴ መጣች። 4 ኪሎ አካባቢ ያለ የግል ኮሌጅ ገባች። ኮሌጁ እንደ አብዛኞቹ የግል ኮሌጆች ማደሪያ የለውም። እኔ ዘንድ እንዳትቀመጥ እኛው ራሳችን አራት ሆነን ሁለት ክፍል ውስጥ ነን። ስለዚህ ቤት ፍለጋ ወጣን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ ሬዲዮው ሰውዬ ነበር የማስበው።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ ክፍል በ4,500 ብር ተገኘ። ጃን ሜዳ ጀርባ ደግሞ አንዲት ሰርቪስ ቤት በ6,500። ልዩነቱ 2,000 ብር ነው። እኔ ወደ ኮዬው አደላሁ። ልጅቷ ስልኳን አወጣችና ካልኩሌተር ከፈተች።

“ጋሼ፣ ታክሲውስ?”

ከኮዬ መገናኛ፣ ከመገናኛ 4 ኪሎ። አንዱ ጉዞ ወደ 50 ብር። ደርሶ መልስ 100። በወር 22 ቀን ብትማር 2,200። ርካሹ ቤት በ200 ብር ተወደደ። ወያላው ሲመሽ የሚጨምረውን፣ ዝናብ ሲጥል ታክሲ ጠፍቶ ራይድ የሚጠራበትን ቀን ሳንቆጥር ነው ይሄ።

ገንዘቡ ግን ትንሹ ነገር ነው። እኔን የሚያበግነኝ ሰዓቱ ነው። ሰልፉን ጨምረን አንዱን ጉዞ ሁለት ሰዓት እንበለው። የመገናኛን ሰልፍ የሚያውቅ አጋነንክ አይለኝም። በቀን አራት ሰዓት። በሳምንት 20። በ16 ሳምንት ሴሚስተር 320 ሰዓት። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ስንመነዝረው 40 ቀን ይሆናል። አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር 40 የሥራ ቀን ታክሲ ሲጠብቅና ታክሲ ውስጥ ሲያንቀላፋ ያልፋል። ለዚህ ክሬዲት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ቢኖር የዳር ሰፈር ልጆች በሙሉ በማዕረግ ይመረቁ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ያንብብ የሚልም አይጠፋም። አስራ ስድስት ሆነን በታጨቅንበት ሚኒባስ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ የሰው ክርን ጎኑ ውስጥ ገብቶ የአካውንቲንግ ሀንድአውት የሚገባው ልጅ ካለ ምርምር ይደረግበት። ባቡሩስ? በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ነው። 4 ኪሎ አይደርስም። 5 ኪሎ አይደርስም። 6 ኪሎማ ጭራሽ። ምኒልክ አደባባይ ከወረድክ በኋላ እግርህ ይወቀው።

እኔ ራሴ 6 ኪሎ በማታው ክፍለ ጊዜ ተምሬያለሁ። ክፍል የሚያልቀው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከ2 ሰዓት ጀምሮ ግን የሁላችንም ዓይን በሩ ላይ ነው። ደብተር ይታጠፋል፣ ቦርሳ ይዘጋል፣ ጃኬት ይለበሳል። መምህሩ መጨረሻ ላይ “ጥያቄ አለ?” ሲል ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። እጃቸውን የሚያወጡት ሁሌ እነዚያው ናቸው። የፈረንሳይ ሰፈርና የሽሮ ሜዳ ልጆች። በእግራቸው የሚገቡት። እኔ ያኔ ሰሚት ነበርኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ፈሪ ሆኜ አልነበረም፤ ታክሲ ሊያመልጠኝ ነዋ! ጎበዝ ተማሪ ከሚባለው ግማሹ ቅርብ የሚኖር ተማሪ ነው ብል ጥናት አምጣ ትሉኛላችሁ። ጥናት የለኝም። ያየሁት ግን ይሄንኑ ነው።

ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ማታ ከታክሲ ወርዳ እስከ ብሎኳ ያለውን ጨለማ የሚሄድላት የሬዲዮ ተጋባዥ የለም።

ደግሞስ መሃል ከተማ ለተማሪ ቅንጦት ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እዚያ ምን ይሠራል? 6 ኪሎ ግቢ ቤተ መንግሥት ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጡ ተማሪ ዳር ይውጣ አላሉም። ንጉሥ የለቀቀለትን ቦታ ዛሬ አንድ ተጋባዥ በሦስት ዓረፍተ ነገር ሊያስለቅቀው ይፈልጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ሲሠራ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከአልጋ እስከ ክፍል አምስት ደቂቃ። ይሄን ቅንጦት ያለ ሰው አልሰማሁም። ቅንጦት የሚሆነው የግል ኮሌጅ ተማሪው በገዛ ገንዘቡ ሲከራየው ነው?

እርግጥ መሃል ከተማ ቤት ጠፍቷል። ለምን ጠፋ የሚለውን ግን ሬዲዮው ላይ ማንም አላነሳውም። ተማሪ የሚከራያቸው ርካሽ ክፍሎች የነበሩት ፒያሳ፣ 4 ኪሎና ካዛንቺስ አሮጌ ግቢዎች ጓሮ ውስጥ ነበር። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ግቢዎቹ ፈረሱ፤ የጓሮ ክፍሎቹም አብረው ሄዱ። በቦታው አረንጓዴ፣ የብስክሌት መንገድ፣ መብራት መጣ። ያምራል፤ እኔም ቆሜ ፎቶ ተነስቻለሁ። ግን ከዚያ ሁሉ መሬት ላይ ለአንድ የተማሪ ሆስቴል የሚሆን ቦታ መቁረጥ ይሄን ያህል ከባድ ነበር? ቪላ አላልኩም። ተደራራቢ አልጋ፣ የጋራ ማንበቢያ፣ ውሃ ያለው ሽንት ቤት። ኮሌጅ ሲከፈት ላይብረሪ አለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አልጋ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ልጁን ዳር ውጣ ይለዋል።

እኛ የጃን ሜዳዋን ክፍል ልናይ ሄድን። ደላላው “ፋዘር፣ ይቺ ካመለጠችህ አታገኝም” እያለ ከፊት ከፊት ይሮጣል። ክፍሏ ሦስት በሦስት ትሆናለች። ጣሪያው ኮርኒስ የለውም። አንድ አምፖል፣ አንድ ሶኬት። ምድጃ መሰካት ክልክል ነው፣ እንግዳ ክልክል ነው፣ በር ማታ 2 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ልጅቷ ወዲያው “እማማ፣ ውሃ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?” ብላ ጠየቀች። እኔ ስለ ቀለሙ ነበር የማስበው። አከራይዋ ሴትዮ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው አሏት። ከዚያ ጫማዋን ጠበቅ አደረገችና ወደ ኮሌጁ የሚወስደውን መንገድ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች።

እሷ እስክትመለስ ስለ ክፍያ ተነጋገርን። ሴትዮዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ። እኔ እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ይከለክላል አልኳቸው። ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት መሆን አለበት ብዬ ጨመርኩ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“እንግዲያው ልጄ፣ አዋጁን ተከራየው።”

ደላላው ፊቱን አዞረ፤ እየሳቀ እንደሆነ ትከሻው ያስታውቃል። ልጅቷ ላብ በላብ ሆና ተመለሰች። “25 ደቂቃ ነው ጋሼ፣ በእግር” አለች። እቁብ ወጥቶልኝ ስለነበር 39,000 ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።