ሞተረኞቹን ተዉአቸው

ሰሞኑን እዚሁ ዲሲ አካባቢ በሚተላለፍ አንድ የአማርኛ ፕሮግራም ላይ አዘጋጁ የቀድሞ ወታደሮችን ቀብር በፈቃደኝነት በሚያጅቡ ሞተረኞች ላይ ዘመተ። የአንድ የቀድሞ ወታደር አስከሬን ሲያጅቡ መንገድ ዘግተውበት ኖሯል። «የማያውቁትን ሰው ቀብር በሞተር ጩኸት የሚያውኩ ሥራ ፈቶች» አላቸው። «ለታይታ ነው። ለቅሶስ እንደ እኛ ባህል» ብሎ ደመደመ። እንግዳውም አብሮት ሳቀ።

መንገድ መዝጋታቸውን አልክድም። ባንዲራ የሰቀለ የሞተር ሰልፍ አልፎ እስኪያልቅ ትቆማለህ፣ ሥራም ይረፍድብሃል። ይርፈድ። ሰው እየተቀበረ ነው።

«ለታይታ» ያላት ነገር ግን አናደደችኝ። የቀድሞ ወታደሮች የሚያርፉባቸው ብሔራዊ መቃብሮች በመደበኛነት የሚቀብሩት ከሰኞ እስከ አርብ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ በጃንዋሪ ብርድ፣ ከተማ ዳር ባለ መቃብር ምን ተመልካች አለ? ሣርና ድንጋይ ነው ያለው። ከሞተረኞቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ቬትናም ደርሰው የመጡ፣ ጺማቸው የሸበተ ጡረተኞች ናቸው። ሌላው ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ይመጣል። ቤንዚኑ ከራሱ ኪስ ነው። መታየት የፈለገ ሰው ቲክቶክ አለለት።

ጩኸት ላለው ደግሞ፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር። ቶፒካ፣ ካንሳስ ያለ ዌስትቦሮ ባፕቲስት ቸርች የሚባል አንድ ትንሽ ቡድን በኢራቅ ጦርነት ጊዜ በየወታደሩ ቀብር እየዞረ «ለሞቱ ወታደሮች እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ጽሑፍ ያነሳ ነበር። ልጇን የምትቀብር እናት ፊት! የሞተረኞቹ ማኅበር ፓትሪዮት ጋርድ ራይደርስ የተቋቋመው በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው ካንሳስ ነው። ባንዲራ ይዘው በቤተሰቡና በተሳዳቢዎቹ መሃል ቆሙ። ስድቡ እንዳይሰማ ሞተራቸውን አስጮሁ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2011 ተሳዳቢዎቹ በ8 ለ1 የዳኞች ድምፅ ረቱ። የመናገር መብት ነው ተባለ። እሺ፣ መብት ይሁን። ሕግ ያልከለከለውን ሞተረኛው በባንዲራው ጋረደው። ዛሬም ቢሆን ቤተሰብ ካልጋበዛቸው አይሄዱም። መቃብር ሲደርሱ ሞተሩ ይጠፋል። በሁለት ረድፍ፣ ባንዲራ ይዘው፣ የቆዳ ሰደርያቸውን ለብሰው ጸጥ ብለው ይቆማሉ። አዘጋጁ የሰማው ሐይዌይ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ደግሞስ ጩኸት የሚጠላው የትኛው ባህላችን ነው? የእድር ጡሩንባ ሌሊት ሰፈሩን ሲቀሰቅስ ያደግን ሰዎች ነን። ድሮ ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጋሻና ጦሩ ወጥቶ፣ እየተፎከረና ጥይት እየተተኮሰ ነበር የሚለቀሰው። ፈረሱ ቀርቶ ሃርሊ ሞተር ሲሆን ጊዜ ጸጥታ ወዳድ ሆንን።

ዋናዋ ክስ ግን «አያውቁትም» የምትለዋ ናት።

የሚያውቀውማ ግዴታው ነው! ዘመድ ከቀረ ይታማል። ጎረቤት ከቀረ ነገ በእሱም ቤት ይቀራሉ። የእድር አባል ከቀረ መቅጫ ይከፍላል። ስም ጠሪው መዝገቡን ይዞ ሲቆም ያየ ያውቀዋል፤ «አቤት» ብሎ በጓሮ የሚሾልከውንም ጭምር። እድርን ማንኳሰሴ አይደለም። እድር ባይኖር ስንቱ ቤት ለብቻው ይቀር ነበር። ግን እንተማመን፣ ብድር መመላለስም አለበት። ሟቹን በመልክ እንኳን የማያውቅ ሰው ምን ብድር አለበት? ማን ያማዋል? ማን ይቀጣዋል? እንዲያውም ከቀባሪው ሁሉ ለሟቹ ብቻ ብሎ የመጣው እሱ ነው።

አልቃሽንስ የት እናድርጋት? ሟቹን አይታው አታውቅም። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የት እንደዘመተ በጆሮዋ ይነግሯታል። ከዚያ ሙሾውን ስታወርደው ለቅሶ ቤቱ በሙሉ ይንሰቀሰቃል። «አታውቂውም፣ ዝም በይ» ያላት ሰው አልሰማሁም።

ደግሞ የሚያውቀው ሰው ጭራሽ የሌለውም አለ። እዚህ አገር በየቀብር አስፈጻሚው መደርደሪያ ላይ ወሳጅ ያጣ የወታደር አመድ ለዓመታት ተቀምጦ ይገኛል። እሱን እያፈላለጉ በክብር የሚያስቀብሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ በአጀብ የሚወስዱት አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ «ሥራ ፈቶች» ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ኪሊን፣ ቴክሳስ ዘመዶቹ ሊገኙ ያልቻሉ አንድ የቀድሞ የአየር ኃይል ባልደረባ ሊቀበር ሲል ጥሪ ወጣ። የማያውቀው ሰው እየጎረፈ መጥቶ መንገዱን በመኪና ሞላው። ሕጉ ለሟች የሚያረጋግጥለት ቢያንስ ሁለት ወታደር፣ የታጠፈ ባንዲራና የስንብት ዜማ ነው። መለከት ነፊ ስለማይዳረስ፣ ብዙ ጊዜ ዜማውን የሚያሰማው መለከቱ ውስጥ የተደበቀ ማጫወቻ ነው። ወታደሩ አፉ ላይ አድርጎ ይቆማል እንጂ አይነፋም። ባንዲራው ታጥፎ ሲያልቅ የሚቀበል ቤተሰብ ከሌለ፣ ከቆሙት አንዱ እጁን ይዘረጋል። አዘጋጁ እንደሚለው ከሆነ ግን ማንም መዘርጋት የለበትም፤ ማንም አያውቀውምና።

«እንደ እኛ» ላለው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከእኛ አገር 6,037 ሰው ኮሪያ ዘምቷል። ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ፣ ከ120 በላይ ሞተበት፣ አንድ ምርኮኛ አልሰጠም። ከተመለሱ በኋላ የመጣው መንግሥት ከኮሚኒስቶች ጋር የተዋጋን ሰው በክፉ ዓይን ነበር የሚያየው። ስንቱ ዘማች ሜዳሊያውን ደብቆ በድህነት አረጀ። ሲሞቱስ ስንቶቻችን ወጣን? ጎረቤታቸው ወጥቷል፣ እድራቸው ወጥቷል። እነሱን ለማያውቅ ሰው፣ ዘማች ናቸው ብቻ ብሎ ሥራውን ትቶ ለመጣ ሰው፣ እኔ በበኩሌ ምስክር አጣለሁ። በዚህ ላይ ተቀምጠን ነው እንግዲህ በሞተረኛው የምንስቀው።

አዘጋጁ ለመሄድ ከፈለገ ሞተርም ወታደርነትም አይጠየቅም። በመኪና መምጣትም ይቻላል። ማክሰኞ ጠዋት ከተመቸው።