አለቃዬን ታክል ወረድኩበት

እንግሊዝ አገር ስመጣ «ታክል» የሚለውን ቃል የማውቀው ከኳስ ነበር። ተከላካዩ ታክል ይወርዳል፣ አጥቂው ይንከባለላል፣ ዳኛው ያፏጫል። በቃ።

እዚህ ግን ሰዉ ሁሉ ተከላካይ ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ሰኞ ጠዋት ኢሜይሎቿን «ታክል» ታደርጋለች። ሌላው እሁድን የዋለው የተከመረ ልብስ «ታክል» ሲያደርግ ነው። ድህነትም፣ የአየር ንብረት ለውጥም፣ የልጆች የሂሳብ የቤት ሥራም ታክል ይደረጋል። መጀመሪያ ሰሞን የልብስ ክምር ላይ ተንሸራቶ የሚገባ ሰው እየታየኝ ብቻዬን እስቅ ነበር። እኛ ችግርን «እንቀርፋለን»፤ ልክ እንደ ቅርፊት፣ በጥፍር በጥፍር። (ሲቀረፍ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።)

ሳቄ ያለቀው የቢሯችን ማሞቂያ የተበላሸ ዕለት ነው። አለቃዬ «በዚህ ሳምንት ታክል እናደርገዋለን» አለ። በሚቀጥለው ስብሰባም ያንኑ አለ። በሦስተኛውም። እግሬ ደንዝዞ ለባልደረባዬ ሳማርር፣ «ታዲያ እሱን ታክል አድርገው!» አለችኝ።

አለቃዬን?

ለካ እዚህ ሰውን ፊት ለፊት ሄዶ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ማለትም ታክል ነው። የኛ ሰው ቢሆን «ተወው፣ ዝም አይነቅዝም» ይለኝ ነበር። እኔም ብሆን የለመድኩት ከኋላ ነው፤ ሰውየው ከክፍሉ ሲወጣ ጠብቆ ማማት። ኳሱ ላይ እንኳ ከኋላ የሚወረድ አደገኛ ታክል ከ1998 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ጀምሮ በቀይ ካርድ ያስወጣል።

ሌሊቱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ አደርኩ። ጠዋት ገብቼ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፣ ተናገርኩ። ሰውየው ቅር እንኳ አላለውም! «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ፈገግ አለ። ቂም የለ፣ ኩርፊያ የለ። እኔ ነኝ እስከ ምሳ ሰዓት ፊቱን ማየት ያፈርኩት። ይሄን ነገራቸውን ወድጄላቸዋለሁ።

ግን ማሞቂያውስ? የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አንደኛ ተራ ላይ ሰፈረ። «ታክል የሚደረግ» ተብሎ!

ንዴቴን ለማብረድ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ቃሉ ድሮ የመርከብ ገመድና ዕቃ ነበር አሉ፤ ከባድ ሸክም በመዘውር የሚነሳበት ገመድም ዛሬ ድረስ በዚሁ ስም ይጠራል። ገመዱን ታዲያ የሚጎትተው ማነው?

በጓንት ነው የምጽፈው። ፊደል ከተሳሳትኩ ይቅርታ።