አረፋዋ የት ሄደች?

ጅማ ላይ መሬት ረጥቦ ካየህ ማንንም አትጠይቅም። ዝናብ ነው። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምትጠጣ ከተማ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ያለው ሰው ለወራት ተደብቆ መኖር ይችላል።

የማውቀው አንድ የፔንሲዮን ባለቤትም እንደዚያው ኖረ። መዋኛ ገንዳው ፓምፕ አጠገብ አንዲት መጋጠሚያ ታንጠባጥባለች፣ ሥሯ ጭቃ ሆኗል፣ እሱ "ክረምቱ እኮ ነው" ይላል። ጥር ገባ። ግቢው ሁሉ አቧራ ሆነ፣ ያቺ ጭቃ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጭራሽ ክሎሪን ክሎሪን ትሸታለች። ዝናብ ደግሞ ክሎሪን አይሸትም እንግዲህ።

በነገራችን ላይ ገንዳው ውስጥ የሚዋኝ ሰው የለም። ሥራው የሙሽራ ፎቶ ነው።

የኛ ሰው መቼም ችግር አይቶ ዝም አይልም። ዘበኛው የባጃጅ የውስጥ ጎማ ቀዶ ጠመጠመባት። ባለሱቁ ሲሊከን ለቀለቀባት። ቡና ሊጠጣ ጎራ ያለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር "የነዳጅ ታንከር እንኳን በሳሙና ይደፈናል፣ ይቺ ምኗ ነው" ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ሳሙናውን አሻሸባት። በሳሙናው ላይ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ ፌስታል። መጋጠሚያዋ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ተጠቅልላ አበጠች። ከሥር ግን ያው ጠብ፣ ጠብ።

ቧንቧ ሠሪ ሲጠራ ደግሞ ሌላ ጉድ። ባለቤቱ "ና ላሳይህ" ብሎ ፓምፑን ያስነሳል። ፓምፑ ሲነሳ መጋጠሚያዋ ጭጭ። ሠሪው "የታለ ጋሼ?" ይላል፣ የመጣበትን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ፓምፑ ሲጠፋ ትጀምራለች። አመለኛ ናት ተባለ። ጸበል ይረጭባት ያለም አልጠፋ።

ነገሩ ግን ሌላ ምስጢር የለውም። መጋጠሚያዋ ያለችው ፓምፑ ውኃ በሚስብበት በኩል ነው። ፓምፑ ሲሠራ በስንጥቋ ውኃ አይወጣም፣ አየር ይገባል እንጂ። ሲቆም ደግሞ ፓምፑ ከገንዳው ዝቅ ብሎ የተተከለ ስለሆነ የገንዳው ውኃ እየተጫነ በዚያችው ስንጥቅ ይወጣል። የገባው አየር ዞሮ ዞሮ ገንዳው ውስጥ አረፋ ሆኖ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ባለቤቱ አረፋውን ሲያይ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጃኩዚ ሆነልን!" የፎቶ ዋጋ ጨመረ።

በመጨረሻ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር አንድ ነገር የገባው ልጅ መጣ። "መጀመሪያ ፓምፑን አጥፉ" ሲል ጉባኤው ቅር አለው፤ ለካ እስከዛሬ ለጥገና ብሎ ያጠፋው ማንም የለም፣ ሁሉም ፓምፑ እየሠራ ነው የሚያክማት። ልጁ ጎማውንም ፌስታሉንም ገፎ ጣለ። ቫልቩን ዘጋ፣ የተሰነጠቀችዋን ቆርጦ አወጣ፣ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አደረቀ፣ ማጣበቂያ ቀብቶ አዲሷን አስገባና ትንሽ አዙሮ ያዛት። ጥርስ ባለው በኩል ቴፍሎን ሲጠመጥም ሹፌሩ "ወደ ግራ አይሻልም?" አለ። "በግራ ከጠመጠምከው ስታጠብቀው ይተረተራል አባባ" አለው ሳያየው።

"በቃ፣ ኢንሻአላህ ያዘ። እስከ ነገ እንዳይነካ።"

"እስከ ነገ?!"

ለወራት ሲያፈስ ዝም ያለ ሰው አንድ ቀን መጠበቅ ሞት ሆነበት። "ለአፍታ ብናስነሳውስ? ለመሞከር ያህል?" ልጁ የሰው ጠባይ ያውቃል። ብሬከሩን አጥፍቶ ሳጥኑን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ።

በማግሥቱ መጥቶ ከፈተው። ፓምፑ ሲሠራም ሲቆምም ጠብ የሚል ነገር የለም። ባለቤቱ ደስ አለው፣ ሳይከራከር ከፈለ።

እሁድ ሙሽሮች መጡ። ቪዲዮ አንሺው ገንዳውን ዞር ዞር ብሎ አየና "ጋሼ፣ ያቺ አረፋ የለችም እንዴ? እኛ እኮ ለሷ ብለን ነው የመጣነው" አለ።

ባለቤቱ ራቅ ብሎ ስልኩን አወጣ።

"ሄሎ፣ ወንድሜ... ያቺን ነገር ትንሽ ላላ ማድረግ አይቻልም?"