ባሕሩ ከቤቱ ጀርባ ነበር

እሑድ ከሰዓት፣ ዱባይ ዴራ ውስጥ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበናል። ዕቃ ሊገዛ የመጣ የመርካቶ ነጋዴ እንግዳ አለን። ካርቶኖቹን አስሮ ጨርሶ አንድ ቀን ተርፎታል። «ነገ ቡርጅ ከሊፋ ላይ ልወጣ ነው» አለ፤ ጨዋታው በዚህ ተነሣ።

ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን ሲኒውን አስቀመጠ። «ምን ልታደርግ? ከታች ሆነህ በነፃ አታየውም? እኔ መግቢያው ካለበት ከዱባይ ሞል ደጃፍ ስንቱን ጭኛለሁ መሰለህ! ወርደው መኪና ውስጥ ሲገቡ የሚያወሩት ስለ ወረፋው ነው። ጀምበር ስትጠልቅ እናያለን ካልክማ ዋጋውም ሰዉም ይጨምራል፤ የምታየው የፊተኛህን ሰውዬ ማጅራትና ስልኩን ነው።»

ነጋዴው አልተቆጣም። «እኔስ ለከፍታው ብዬ መሰለህ? ጫፉ 828 ሜትር ነው አይደል? መርካቶ ያለው ሱቄ ከባሕር በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው። ሦስት ቡርጅ ከሊፋ ብትደራርብ ነው ደጃፌ የሚደርሰው። እንጦጦማ ከ3,000 ያልፋል! በእግራችን ከፍ ብለን ያደግን ሰዎች ሊፍት ምን ያስደንቀናል? ልጆቼ ፎቶ ካልላክህ ብለው ይዘውኝ ነው እንጂ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አሸነፈ ብለን ነበር፤ የወሎው ሽማግሌ ገና አልተናገሩም።

እሳቸው ዱባይ ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በፈረንጆቹ 2004 የሕንፃው መሠረት ሲቆፈር አይተዋል። በበጋ ሙቀቱ ሲሚንቶውን እንዳይሰነጣጥቀው በረዶ እየቀላቀሉ በሌሊት ይሞሉት እንደነበር ሁልጊዜ ይነግሩናል። ሕንፃው በፈረንጆቹ ጥር 2010 ሲመረቅ «ቡርጅ ዱባይ» ሲባል የኖረው በአንድ ምሽት «ቡርጅ ከሊፋ» መባሉንም እንዲሁ። ዱባይ በዕዳ ተይዛ አቡ ዳቢ የደረሰችላት ሰሞን ነበርና፣ ስሙ ለያኔው የአቡ ዳቢ ገዢ ለሼህ ከሊፋ ሆነ። ይሄን ሲናገሩ ትንሽ ፈገግ ይላሉ።

«ስማ ልጄ» አሉት ነጋዴውን፤ «ከባሕር ቆጥረህ አታሸንፍም። ከፍታ የሚቆጠረው በዙሪያህ ካለው መሬት ነው። ረመዳን ሲመጣ እዚያ ሕንፃ ላይ የሚኖሩት እንዴት እንደሚያፈጥሩ ታውቃለህ? ከ80ኛው ፎቅ በላይ ያለው ሰው ምድር ላይ ካለው 2 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ከ150ኛው በላይ ከሆነ 3 ደቂቃ። የዱባይ ዑለማዎች በፈረንጆቹ 2011 ነው የተናገሩት። ለምን? ምድር ላይ ላለነው የጠለቀችው ፀሐይ ለእሱ ገና ትታየዋለች። አንተ መርካቶ ቁመህ፣ ከጎረቤትህ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ መሽቶብህ ያውቃል?»

ነጋዴው እጁን አነሣ። «ተረታሁ ጋሼ። ኢራን ይታያል የሚሉትስ?»

ታክሲ ነጂው ቀደማቸው፤ «አቧራ ይታያል በለኝ!»

እዚህ ላይ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ብዙው ሰው የሚወጣበት 124ኛው ፎቅ 452 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ከፍታ ሰማዩ ጥርት ቢል እንኳ ውኃውን የምታየው 75 ኪሎ ሜትር ግድም ድረስ ነው፤ ኢራን የዚያን እጥፍ ትርቃለች። በሙቀቱ ወራትማ ጭጋጉ እዚያው ባሕሩ ላይ የተሠራውን የፓልም ደሴት እንኳ ካላሳየህ አትደነቅ።

እስካሁን ቡናውን ስትቀዳ የነበረችው እህታችን ረከቦቱ አጠገብ እንዳለች «እኔ ወጥቻለሁ» አለች። ሁላችንም ዞርን።

«በነፃ!» አለ ታክሲ ነጂው።

«አዎ፣ ማዳም ከፍላልኝ። ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበራ። ሊፍቱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ጆሮዬ ልክ ዓባይ በረሃ ስንወርድ እንደሚደፈነው ድፍን አለ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ሄድን። ልጁ ተኝቶልኛል፤ በዚያ በሚያቀርበው መነጽር የምንኖርበትን ሰፈር፣ ጁሜራን፣ አየሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት መስጊዱን ነው፤ ጠዋት ጠዋት በአዛኑ የምነቃበትን። ከእሱ ቆጥሬ ቤታችንን አገኘሁት። ከቤታችን ጀርባ ሁለት መንገድ፣ ከዚያ ባሕር።»

ዝም አልን።

«አራት ዓመት። ከግቢው የምወጣው ከእነሱ ጋር በመኪና ነበር፤ ጥቁር መስታወት። ልብስ ሳሰጣ ነፋሱ ጨው ጨው ይለኝ ነበር። ከየት እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም።»

«ታዲያ ሄደሽ አየሽው?» አላት ነጋዴው።

«ሥራ ከቀየርኩ በኋላ» አለችና ሁለተኛውን ልትቀዳ ጀበናውን አነሣች።

እኔ ከአገር ቤት የሚመጣ እንግዳ እየያዝኩ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። ፍርድ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለከፍታው ብሎ የሚወጣ ተታሏል። 452 ሜትር ማለት የ828ቱ ግማሽ አለፍ ያለ ነው፤ ጨምረህ ከፍለህ 148ኛው ብትወጣም 555 ላይ ትቆማለህ። የመጨረሻው 240 ሜትር ገደማ ሰው የማይኖርበት ሹል ነው። ለጀምበሯ የሚወጣም እንደዚያው፤ ታክሲ ነጂው ስለ ማጅራቱ የተናገረው አንድም ውሸት የለበትም።

ግን ታክሲ ነጂው ከተማዋን ከጫፍ ጫፍ ሲነዳ የሚውል ሰው ነው። ሼህ ዛይድ መንገድ የት እንደሚታጠፍ፣ ክሪኩ፣ ያ የባሕሩ ሰርጥ፣ የት እንደሚገባ፣ በረሃው ከየት እንደሚጀምር ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። ቲኬቱን ሊንቀው መብቱ ነው። እዚህ ከተማ ከካምፕ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ካምፕ በአውቶቡስ የሚመላለስ አለ። ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ ግቢ ሲዘዋወር ዓመታት ያለፉት፣ የሚኖርበትን ሰፈር አቀማመጥ የማያውቅም ሞልቷል። ለእንደዚህ ያለው ሰው ያ ፎቅ ካርታ ነው፤ መቶ ምናምኑ ድርሃም አይበዛም እላለሁ። ቱሪስቱ ቢተወው ምንም አይቀርበትም። የእኛ ሰው አንድ ቀን ይውጣ፤ ዱባይ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት፣ ጠዋት፣ ከተቻለ ዝናብ በጣለ ማግስት። ሲወጣም መጀመሪያ የራሱን ሰፈር ይፈልግ።

ነጋዴው እዚያው ቁጭ ብሎ በስልኩ የጠዋቱን ቆረጠ። አንድ ሳይሆን ሁለት። ሁለተኛውን ለእህታችን ነው፤ በዚህ ጊዜ ሕፃን ሳትይዝ እንድትወጣ። ታክሲ ነጂው ብዙ ካጉረመረመ በኋላ ላድርሳችሁ አለ፤ ሒሳቡ ግን በሜትር ነው።

«ከባሕር ወለል ጀምሮ?» አሉት ሽማግሌው።